ልጓሙ በማን እጅ ነው? ስለ ፉክክርና ልከኝነት የተጻፉ አራት ጽሑፎችን እንዴት ማንበብ ይቻላል

የአውሮፓን የቀድሞ የፖለቲካ ፍልስፍና ለማንበብ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምርና ሠላሳኛው ላይ ሳይደርስ ይተወዋል። እርስዎ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው ይግቡ፦ ሰዎች ለሥልጣንና ለክብር ሲፎካከሩ ልጓሙ በማን እጅ ነው? (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቶማስ ሆብስ በ1651 ካሳተመው «ሌዋታን» ምዕራፍ 13ን ያንብቡ። ጥቂት ገጾች ናቸው። ሰዎችን የሚያጣሉ ሦስት ምክንያቶች ላይ ያስምሩ፦ ፉክክር፣ አለመተማመን፣ የዝና ጥማት። የመጀመሪያው ለጥቅም፣ ሁለተኛው ለደኅንነት፣ ሦስተኛው ለስም ያጋጫል። አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ የጻፈው ሆብስ ልጓሙን ሁሉም ለሚፈራው አንድ ገዥ ሰጠ። መጽሐፉን በመጽሐፈ ኢዮብ አስፈሪ አውሬ መሰየሙም ያለ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ወደ ኋላ ይመለሱ። ከሆብስ በፊት የነበረው ጣሊያናዊው ማኪያቬሊ ስለ ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ስለ ሊቪየስ የሮም ታሪክ ከጻፈው ሐተታ የአንደኛውን መጽሐፍ ምዕራፍ 4 ይክፈቱ። «ልዑሉ» የተባለውን ሌላ መጽሐፉን ብቻ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ሌላ ሰው ያገኛል። የመኳንንቱና የተራው ሕዝብ ጠብ ሮምን ነጻ እንዳደረጋት፣ የሕዝቡ ጠባቂ ትሪቡኖችም የዚያው ጠብ ፍሬ እንደሆኑ ይሟገታል። ሆብስ በሽታ ያለውን እርሱ ጤና ይለዋል።

ሦስተኛው እርምጃ ትዕግሥት ይጠይቃል። የሞንቴስኪዩ «የሕጎች መንፈስ» (1748) «መጻሕፍት» የሚባሉ 31 ክፍሎች አሉት፤ ከ11ኛው መጽሐፍ ምዕራፍ 4ንና 6ን ይምረጡ። አንባቢ የሚሰናከለው እዚህ ነው። እኛ ልከኝነት ሲባል የሚታየን ረጋ ያለ፣ መጠኑን የሚያውቅ ጨዋ ሰው ነው። ሞንቴስኪዩ ግን ሥልጣን የያዘ ሁሉ ወሰን እስኪገጥመው ድረስ እንደሚገፋ ስለሚያምን፣ ሥልጣንን ሌላ ሥልጣን እንዲገታው ይፈልጋል። በዚህ አነጋገር ሹሙ ቁጡ ቢሆንም መንግሥቱ ልከኛ ሊሆን ይችላል። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። በ3ኛው መጽሐፍ ምዕራፍ 4 ልከኝነትን የመኳንንት አገዛዝ ነፍስ ያደርገዋል፤ ያውም በምግባር ላይ የቆመውን ልከኝነት። ሁለቱን ለማስታረቅ አይቸኩሉ። እኔን ወደዚህ መጽሐፍ ደጋግሞ የሚመልሰኝ ይኸው ግጭት ነው።

በመጨረሻ ጄምስ ማዲሰን በ1788 ለአሜሪካ ሕገ መንግሥት መጽደቅ ሲከራከር የጻፈውን፣ «ፌዴራሊስት» ከተባሉት ተከታታይ ጽሑፎች ቁጥር 51ን ያንብቡ። ምኞት በምኞት ይገታ ይላል። ከዚያ ወደ ሆብስ ምዕራፍ 13 ይመለሱና ካሰመሩባቸው ሦስት ምክንያቶች መካከል ማዲሰን የትኛውን እንደቀጠረ፣ የትኛውን ደጅ እንዳስቀረ በኅዳጉ ላይ ይጻፉ።