የፖለቲካ ብሎግ ለምትጀምሩ፦ እኔ የሠራኋቸው ስህተቶች

የመጀመሪያ ጽሑፌን 11 ሰው አነበበው። ከ11ዱ አራቱ እኔው ነኝ። ቁጥሩ ጨመረ ወይ እያልኩ በስልኬም በኮምፒውተሬም ስከፍተው ቆጣሪው እኔንም አንባቢ አድርጎ ቆጠረኝ። የግል የፖለቲካ ብሎግ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጸሐፊውም፣ አርታኢውም፣ አንዳንዴ አንባቢውም አንድ ሰው ነው። «ቆይ እስኪ» የሚላችሁ ሰው አጠገባችሁ የለም። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን የሠራሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

በንዴት መለጠፍ

አንድ ፖለቲከኛ ሲናገር የሚያሳይ የ20 ሰከንድ ቪዲዮ ደረሰኝ። ደሜ ፈላ። ቁጭ ብዬ ያለ የሌለ ቃሌን አወረድኩበትና ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ለጠፍኩት። ጠዋት ስነሳ ስልኬ በመልእክት ተጨናንቋል። ያን ያህል አንባቢ አግኝቼ አላውቅም። ከውዳሴው መሃል ግን አንዲት አጭር መልእክት ነበረች፦ «ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር ሰምተኸዋል?»

አልሰማሁትም። ሙሉውን ንግግር ፈልጌ ሳይ ሰውየው የተቀናቃኞቹን አቋም ነበር የሚጠቅሰው፤ ሊተቸው። ቪዲዮው የተቆረጠው ልክ ትችቱ ሊጀምር ሲል ነው።

አሁን የጻፍኩትን አሳድራለሁ። ዜናው ያረጅብኛል ብላችሁ አትስጉ፤ ለሽቅድምድሙ የዜና ድርጅቶች አሉ። ቪዲዮ ከሆነ ሙሉውን ማየት፣ ጥቅስ ከሆነ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ማንበብ፣ ፎቶ ከሆነ በምስል ፍለጋ መጀመሪያ የወጣበትን ጊዜ ማጣራት። ብዙ ጊዜ ከአሥር ደቂቃ አያልፍም።

ስህተትን ሹልክ አድርጎ ማጥፋት

ያን ጽሑፍ ምን አደረግኩት? ማንም ሳያይ ብዬ አጠፋሁት። ይሄ ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። ለካ ስክሪንሾት ተነስቷል። የቪዲዮው ነገር ተረሳና ወሬው ሁሉ «ለምን አጠፋው? ማን አስፈራራው?» ሆነ። እርማት ከርእሱ ሥር፣ ሰው በሚያየው ቦታ ይቀመጣል፦ ምኑ ስህተት እንደነበር፣ መቼ እንደታረመ፣ በሁለት መስመር። ያሳፍራል፣ አልዋሽም።

ጭብጨባን የሕዝብ ድምፅ ማድረግ

ይሄኛው በጣም ያቆየኝ ስህተት ነው። ስድብ ያን ያህል አያሳስትም፤ ሰው ሲሰደብ ይጠራጠራል። የሚያሳስተው ሙገሳ ነው።

በ1936 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰው የምርጫ መጠይቅ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ መጣለት። በዚያ ተማምኖ ለፕሬዚዳንትነት የቀረበው የሪፐብሊካኖቹ እጩ አልፍ ላንደን ያሸንፋል አለ። ተቀናቃኙ ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። አድራሻዎቹ በብዛት የተገኙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር፤ በዚያ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ደግሞ ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ከዚያም በላይ፣ መልሱን ሞልተው ለመላክ የተነሱት ሰዎች ዝም ካሉት የተለዩ ነበሩ።

«ጀግና ነህ» ብሎ የሚጽፍላችሁም መጠይቁን ሞልቶ እንደላከው ሰው ነው። ዝም ብሎ አንብቦ ራሱን ነቅንቆ የሄደውን አታዩትም።

እኔ አንዱን ፓርቲ ያፌዝኩባቸው ሦስት ጽሑፎች ተነበቡልኝ። አራተኛውን ርእስ ማን መረጠው? ቆጣሪው። አምስተኛውንም እንደዚሁ። ስለ በጀት ለመጻፍ የሰበሰብኩት ሰነድ አንድ ጥግ ላይ ተረስቶ ከረመ። በኋላ የምደግፈው ወገን ያጠፋውን አንድ ነገር ብጽፍ፣ እነዚያው አሞጋሾቼ «ስንት ተከፈለህ?» ብለው መጡ። አንባቢ የመሰሉኝ ሰዎች ለካ ደጋፊ ነበሩ። ቁጥሩ ወረደ፤ እስካሁንም አልተመለሰም። ግን ርእስ የምመርጠው እንደገና እኔ ሆንኩ።

ሁሉንም ዜና ማሳደድ

የታወቀው የፖለቲካ ብሎገር አንድሪው ሱሊቫን በ2000 የጀመረውን ብሎግ በየቀኑ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ሲጽፍ ኖሮ በ2015 መድከሙንና ጤናውን ጠቅሶ አቆመ። ያውም አብረውት የሚሠሩ ሰዎች ነበሩት። ብቻውን የሆነ ሰውማ በስድስት ወሩ ነው ጭልጥ ብሎ የሚጠፋው።

የትንሽ ጸሐፊ አቅም አንድ ነገር ይዞ አለመልቀቅ ነው። በ2002 መጨረሻ በአሜሪካ ሴኔት የሪፐብሊካኖቹ መሪ ትሬንት ሎት በሴናተር ስትሮም ተርመንድ 100ኛ የልደት በዓል ላይ ተርመንድን አወደሱ። ተርመንድ በ1948 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ ይኑር የሚል አቋም ይዘው ነበር። ትልልቆቹ መገናኛ ብዙኃን መጀመሪያ ላይ ነገሩን በአብዛኛው አለፉት፤ ጥቂት ብሎገሮች ግን የድሮ መዝገብ እያገላበጡ ሙጭጭ አሉ። ሎት ወሩ ሳያልቅ መሪነቱን ለቀቁ።

አስተያየትንና ክስን ማደባለቅ

«ሚኒስትሩ ሰነፍ ነው» አስተያየት ነው። «ሚኒስትሩ ገንዘብ ወስዷል» ግን ሰነድ የሚጠይቅ ነገር ነው፤ «ይባላል» የምትለዋ ቃል ፍርድ ቤት ላታድናችሁ ትችላለች። በዚሁ አጋጣሚ፣ ሰው የላከላችሁን ፋይል እንዳለ አትለጥፉ። ሰነድ ውስጥ የጻፈው ሰው ስም፣ ፎቶ ውስጥ የተነሳበት ቦታ ተደብቆ ሊቀመጥ ይችላል። ያመናችሁን ሰው ሳታውቁት ታስበሉታላችሁ።

ስድብ መመለስ

አትመልሱ። አንድ ሙሉ ቅዳሜዬን በልቶብኛል፤ ሰውየው እውነተኛ ሰው መሆኑንም አላውቅም።

ቅጂ አለማስቀመጥ

ያሁ በ2009 ጂኦሲቲስን፣ ሰው የራሱን ድረ ገጽ በነፃ የሚሠራበትን አገልግሎት፣ ሲዘጋ ስንት ሰው ለዓመታት የሠራው ገጽ አብሮ ተዘጋ። የምትጽፉበት አገልግሎት የእናንተ አይደለም። እኔ በወር አንዴ ሁሉንም አውርጄ በሌላ ዲስክ አስቀምጣለሁ። ያ የሌሊት ሰባት ሰዓቱ ጽሑፍም እዚያ ውስጥ አለ። አንዳንዴ ልለጥፍ ስል ከፍቼ አየዋለሁ።