ጠዋት ብቻ ሚስ ለሚያደርግ አሮጌ መኪና

ደሴ ላይ ጉም ውስጥ ያደረ አሮጌ የቤንዚን መኪና ሲነሳ ሚስ አድርጎ (ሞተሩ ተቆራርጦ)፣ ሲሞቅ ከተስተካከለ፣ ካንዴላ (በብልጭታ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ዕቃ) ከመግዛታችሁ በፊት የካንዴላ ገመዶቹን ፈትሹ። ማታ ጨለማ ግን ክፍት ቦታ ላይ ሞተሩን አስነስታችሁ ኮፈኑን ክፈቱ። በመርጫ ጠርሙስ ገመዶቹንና የዲስትሪቢዩተሩን (ኤሌክትሪኩን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን ዕቃ) ክዳን በየተራ በስሱ ውሃ እርጩ፤ ማርከፍከፍ አይደለም፣ እንደ ጤዛ ብቻ። ሰማያዊ ብልጭታ የታየበት ወይም ሞተሩ መቆራረጥ የጀመረበት ገመድ ይቀየር። የተሰነጠቀ ላስቲክ ሲረጥብ የኤሌክትሪክ እሳቱ ካንዴላው ጋ ሳይደርስ ወደ ሞተሩ ብረት ይሾልካል። ሲሞቅ ይደርቃል፤ ኮምቦልቻ ጋራዥ እስክትወርዱ ችግሩ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ገመዶቹን በእጅ አትንኩ፣ ከቬንትሌተሩም (ከሚሽከረከረው ማራገቢያ) ራቁ። ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ግን ፈጽሞ አትሞክሩት። ነጭ ጭስ ካለና የራዲያተር ውሃ ከጎደለ ደግሞ የሚጠረጠረው የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው።