የናይትሮ ሪሞት መኪናችሁ ፍሬን አልይዝ፣ ሞተሩም አልሠራ ካለ

በናይትሮ (ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት የተቀላቀለበት ነዳጅ) የሚሠራ የሪሞት መኪና ሲያስቸግር አብዛኛው ሰው ካቻቢቴ ይዞ ካርቡራተሩ ላይ ይዘምታል። ብሎኖቹን ወዲያ ወዲህ ያዞርና አንድ የነበረውን ችግር ሁለት ያደርገዋል። ካርቡራተር መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው። የሞተር ችግር ቢመስልም እንኳ መጀመሪያ ፍሬኑን እዩ።

እንደ ትራክሳስ ቲ-ማክስ ባሉት የናይትሮ መኪኖች ላይ ነዳጁንም ፍሬኑንም የሚያዝዘው አንድ ሰርቮ (የሪሞቱን ትእዛዝ ተቀብሎ ክንድ የሚያዞር ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ነው። ወደ አንድ ጎን ሲዞር ካርቡራተሩን ይከፍታል፤ ወደ ሌላው ሲዞር የፍሬኑን ዲስክ ያስይዛል። አንዱ ከተዛባ ሌላውም ይረበሻል።

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ መጀመሪያ ሪሞቱን፣ ከዚያ የመኪናውን የባትሪ ማብሪያ አብሩ። የአየር ማጣሪያውን አውልቁና የካርቡራተሩን አፍ ተመልከቱ። የሪሞቱን ቃታ ሳትነኩ ክፍተቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት። ሙሉ ነዳጅ ስትሰጡ ወለል ብሎ ይከፈታል። ፍሬን ስትይዙ እዚያው 1 ሚሊሜትር ላይ ይቀራል።

አሁን መኪናውን በእጃችሁ ግፉት። እንደ ልብ ካልተንከባለለ ፍሬኑ አልለቀቀም። ነዳጅ ሲሰጡት የሚጠፋና ቶሎ የሚግል ሞተር ብዙ ጊዜ በሽታው ይሄ ነው። የፍሬኑ ዘንግ ላይ ያለውን ማስተካከያ ትንሽ ላላ አድርጉለት።

ጭራሽ አልይዝ ካለ ደግሞ ዲስኩን እዩት። ከማርሚታ የሚተፋ ዘይት ነክቶት ከሆነ በአልኮል ጥረጉት፤ ሸራው ካለቀ ይቀየር። የደከመ ባትሪም ሰርቮውን ጉልበት ያሳጣዋል። ይሄን አትናቁት፤ ባትሪው መሃል ላይ ካለቀ መኪናው ካርቡራተሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ሊያመልጣችሁ ይችላል።

አንዳንዴ ፍሬኑ ጤነኛ ሆኖ መኪናው ቃታ ሳይነካ በራሱ ይሄዳል። ያኔ ሚኒሞው (ቃታ ሳይነካ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ብሏል፤ ወይም የፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከጎማዎቹ የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል) ሞላዎች ደክመዋል። ፍሬን ማጥበቅ እዚህ ምንም አይፈይድም።

ይሄ ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ ካንዴላው እንሂድ። የናይትሮ ካንዴላ እንደ ትልቅ መኪና ካንዴላ ብልጭታ አይሰጥም። ውስጡ ያለች ጥቅልል ሽቦ ትግልና ነዳጁን ታቀጣጥላለች። ፍቱትና 1.5 ቮልት ማስነሻው (ካንዴላውን በባትሪ የሚያግለው መሣሪያ) ላይ ሰኩት። ሽቦዋ ደማቅ ብርቱካናማ ሆና ካልበራች በአዲስ ቀይሩት። ካንዴላው በነዳጅ ከራሰ ሞተሩ ታፍኗል። ካንዴላው እንደወጣ ቀዳዳውን በጨርቅ ሸፍናችሁ ሞተሩን ደጋግማችሁ አዙሩ፤ የተጠራቀመው ይወጣል። ሲጋራ በአካባቢው አይኑር። ነዳጁ ውስጥ ያለው ሜታኖል ሲነድ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል።

ቱቦዎቹንም ፈትሹ። ከማርሚታው ወደ ታንከሩ የምትሄደዋ ቀጭን ቱቦ ነዳጁን በግፊት ትገፋዋለች፤ ከተሰነጠቀች ሞተሩ ነዳጅ ያጥረዋል። ቃታውን ለቃችሁም ሞተሩ ጩኸቱን ቶሎ ካልቀነሰ፣ የሆነ ቦታ አየር እያስገባ ሊሆን ይችላል።

ካርቡራተሩን አሁን መንካት ትችላላችሁ። ዋናውን የነዳጅ ብሎን ወደ ቀኝ ስታዞሩት ነዳጅ ይቀንሳል፤ ወደ ግራ ይጨምራል። በአንድ ጊዜ ከ1/8 ዙር አትለፉ። ጭሱ ወፍሮ መኪናው የሚጎተት ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል። ጭስ ጠፍቶ ሞተሩ ከጋለ ደግሞ አንሶታል፤ ይሄኛው ነው ፒስተን የሚበላው። የብዙዎቹ ሞተሮች ጥሩ ሙቀት ከ100 እስከ 130 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። መለኪያ ከሌላችሁ ሞተሩ ራስ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ጠብ እንዳለች ጭስስ ብላ ከጠፋች በጣም ግሏል፤ ለጥቂት ሰከንድ ፈልታ ካለቀች ደህና ነው።

ለአዲስ አበባ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ዋሽንግተን ላይ የተስተካከለ መኪና እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ትንሽ ወደ ቀኝ ይፈልጋል። ወደ ቆላ ስትወርዱ ግን ከመነዳቱ በፊት ብሎኑን መልሱት። ነዳጁን ደግሞ በሻንጣ ላኩልኝ እንዳትሉ፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ ክልክል ነው።

ነድታችሁ ስትጨርሱ ታንከሩን ባዶ አድርጉና ሞተሩ ውስጥ የቀረው ነዳጅ ተቃጥሎ እስኪያልቅ አስነሱት። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ጠብታ ለዚሁ የሚሸጠውን ዘይት ጨምራችሁ ሞተሩን አሽከርክሩ። ሜታኖል እርጥበት ይስባል፤ ካልቀባችሁት ኩሽኔታው ይዝጋል።