ጁኖን ከመርከቦቹ ሰዓት ውጭ ለመጎብኘት

ወደ ጁኖ የሚያስገባ የመኪና መንገድ የለም። የአላስካ ርዕሰ ከተማ ብትሆንም ከሌላው የአሜሪካ ምድር ጋር የሚያገናኛት አውራ ጎዳና አልተሠራላትም፤ ከኋላዋ የጁኖና የሮበርትስ ተራሮች ከባሕሩ ጠርዝ ተነስተው ከ1,000 ሜትር በላይ ቀጥ ብለው ይወጣሉ፣ ከተራሮቹ ባሻገር ሰፊ የበረዶ ሜዳ ተዘርግቷል፣ ከፊቷ ደግሞ የጋስቲኖ ሰርጥና ማዶ ያለው የዳግላስ ደሴት ይገኛሉ። 32 ሺህ ገደማ ሕዝብ የሚኖርባት ይህች ከተማ በዓመት ከ1.6 ሚሊዮን በላይ የመርከብ ጎብኚዎችን ታስተናግዳለች። አብዛኞቹ ለጥቂት ሰዓታት ወርደው ወደ መርከባቸው ይመለሳሉ። እኔ የምመክረው ቢያንስ ሦስት ሌሊት ማደርን ነው፤ የጁኖ ውበት የሚገለጠው መርከቦቹ ሲሄዱና ደመናው ሲከፈት ነውና፣ ደመናው ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም።

ለእኛ ሰው ቀላሉ መነሻ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲያትል ናት። ከዚያ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ የአላስካ ሰዓት ከሲያትል በአንድ ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። በረራው የአገር ውስጥ ስለሆነ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ይሁን እንጂ ከሜይ 2025 ወዲህ የመንጃ ፈቃድዎ የሪል አይዲ ምልክት ከሌለው ፓስፖርትዎን ወይም ግሪን ካርድዎን መያዝ ይኖርብዎታል። ጊዜ ያለው ሰው ከቤሊንግሃም ወደብ በሚነሳው የአላስካ ግዛት ጀልባ ሦስት ቀን ገደማ ተጉዞ መድረስ ይችላል፤ መኝታ ክፍል ያልተከራዩ መንገደኞች በጀልባው ሰገነት ላይ ድንኳን ተክለው ሲያድሩ ማየት የተለመደ ነው።

በትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች መሄድ ለሚያስቡ ግን አንድ ጉዳይ ላስጠነቅቅ እወዳለሁ። ከሲያትል የሚነሱት መርከቦች በአብዛኛው የሌላ አገር ባንዲራ የሚያውለበልቡ በመሆናቸው በአሜሪካ ሕግ ምክንያት ካናዳ ወደብ ጎራ ይላሉ። ስለዚህ ግሪን ካርድ ያለው ኢትዮጵያዊ ጊዜው ያላለፈበት የኢትዮጵያ ፓስፖርትም መያዝ አለበት፤ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰው ደግሞ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ጠበቃውን ማማከር ይገባዋል። የአገር ውስጥ ጉዞ ነው ብሎ ከድንበር መውጣት የሚያስከትለው ችግር ከባድ ነው።

ወደ ዝናቡ እንምጣ። ጁኖ በዓመት ከ200 በላይ ቀናት ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ እንደ አገራችን ክረምት ነጎድጓድ ያለው ዶፍ ሆኖ አይወርድም፤ ካፊያ ሆኖ ይጀምራል፣ ካፊያ ሆኖ ይውላል፣ ልብስ ውስጥ የሚገባውም ሰው ሳያውቀው ነው። በአንጻራዊነት ደረቅ የሚባሉት ሜይና ጁን ሲሆኑ፣ በጁን አጋማሽ የቀኑ ብርሃን ከ18 ሰዓት በላይ ስለሚቆይ ከእራት በኋላ እንኳን ረጅም መንገድ መሄድ ይቻላል። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር እጅግ ዝናባማ ናቸው። በመጀመሪያው ጉዞዬ ጂንስ ሱሪ ለብሼ ጫካ ገባሁ፤ እስከ ጉልበቴ የራሰው ጨርቅ ቀኑን ሙሉ ሳይደርቅ ስለዋለ ከብርዱ የተነሣ እቅዴን ትቼ ተመለስኩ። ጥጥ ልብስ ይተዉ። ከላይ ውኃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ፣ ከውስጥ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይልበሱ። የአገሬው ሰው ጃንጥላ ብዙም አይዝም፤ ወደ ባንክም ወደ ምግብ ቤትም ኤክስትራተፍ የሚባለውን ቡናማ የጎማ ቦት አድርጎ ይሄዳል።

ማረፊያዎን መሃል ከተማ ካደረጉ ሙዚየሞቹን፣ ወደቡንና ሁለት ሦስት የተራራ መንገዶችን በእግርዎ ይደርሱባቸዋል። አውሮፕላን ማረፊያው 14 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የከተማ አውቶቡስ አለ፣ ይሁንና ቤተሰብ ይዘው ከሄዱ መኪና መከራየት ይሻላል። የበጋው መኪናና ክፍል ቶሎ ስለሚያልቅ ከወራት በፊት ያስይዙ።

ከተማዋን የከበባት ቶንጋስ በስፋቱ በአሜሪካ ብሔራዊ ደኖች ሁሉ ቀዳሚ ሲሆን 6.8 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይሸፍናል። ደኑን ለመቅመስ የመጀመሪያውን ቀን ከመሃል ከተማ በሚነሳው የቤዚን መንገድ ይጀምሩ፤ እርሱ ወደ ፐርሲቪራንስ የእግር መንገድ ያደርሳል፣ መንገዱም የወርቅ ፈላጊዎች ዱካ በሆነው የጎልድ ክሪክ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ያልፋል። እዚያ ሲደርሱ ቆም ይበሉ። የሲትካ ስፕሩስና የሄምሎክ ግንዶች ላይ የዛፍ ሽበት ተንዠርጎ፣ የወደቀውን ግንድ ደግሞ አረንጓዴ ልባስ ሸፍኖት ያያሉ፤ በዚያ በበሰበሰ ግንድ ጀርባ ላይ ጣት የማያክሉ የስፕሩስ ችግኞች በሰልፍ በቅለዋል። አሮጌው ዛፍ ለአዲሶቹ አፈር ሆኗቸዋል። የሚያንሸራትት ቦታ ሲያጋጥምዎ ግን አጠገብዎ ያለውን ተክል ይዘው ለመደገፍ አይቸኩሉ፤ ቅጠሉ ሰፊ የሆነው ዴቪልስ ክለብ ከግንዱ እስከ ቅጠሉ ሥር እሾህ ነው፣ የሚሰነቀረውም እሾህ ለማውጣት ያስቸግራል።

ጉልበት ያለው ሰው የሮበርትስን ተራራ በእግር ይወጣዋል፤ የማይችለው በበጋ በሚሠራው የኬብል መኪና ከወደቡ ተነስቶ በደቂቃዎች ውስጥ 550 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይደርሳል። ቲኬቱን አስቀድመው አይግዙ። ማለዳ ወደ ላይ ቀና ብለው የላይኛው ጣቢያ በደመና መሸፈን አለመሸፈኑን አይተው ይወስኑ።

ሁለተኛውን ቀን ሙሉውን ለሜንደንሆል የበረዶ ግግር ይስጡት። ከመሃል ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ፣ የከተማው አውቶቡስ የሚያወርድዎ ከጎብኚዎች ማዕከሉ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው፤ ቀሪውን በእግር ይሄዱታል። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲከፈት ግግሩ ከአሁኑ እጅግ ቀርቦ ይታይ ነበር፤ የአየር ንብረቱ እየሞቀ በመሄዱ ከዓመት ዓመት እየሸሸ ነው። ልጆች ያሏችሁ፣ ሳይርቅ ብታሳዩአቸው ደግ ነው። ከማዕከሉ ወደ ነገት ፏፏቴ የሚወስደው መንገድ ሜዳማ በመሆኑ ሽማግሌም ሕፃንም ይሄደዋል፤ 115 ሜትር ከሚወረወረው ውኃ ሥር ሲቆሙ ርጭቱ ፊትዎን ያለብሰዋል፣ ከጎንዎ ያለውም ሰው ድምፅ አይሰማዎትም። ቀኑ ዳመናማ ቢሆን አይዘኑ፣ የበረዶው ሰማያዊ ቀለም ጎልቶ የሚታየው ፀሐይ በሌለበት ነው።

ከጁላይ አጋማሽ ጀምሮ በማዕከሉ አጠገብ ባለው ስቲፕ ክሪክ ቀይ ሳልመን ለመራባት ወደ ላይ ይዋኛሉ፣ ጥቁር ድቦችም ሊያጠምዷቸው ይመጣሉ። ለጎብኚዎች ከተሠራው ከፍ ያለ የእንጨት መተላለፊያ ሳይወርዱ ይመልከቱ። በጫካ መንገድ ድብ ቢያጋጥምዎ በፍጹም አይሩጡ፤ በረጋ ድምፅ እየተናገሩ በዝግታ ወደኋላ ያፈግፍጉ። በመንገድ ላይ እየተጨዋወቱ መሄድ ከሁሉ ይሻላል፣ ድቡ ቀድሞ ሰምቶ ዞር ይላልና። በተጨማሪም ከግግሩ በላይ በተፋሰስ ውስጥ የሚጠራቀም ውኃ ከ2011 ወዲህ በድንገት እየፈነዳ የሜንደንሆልን ወንዝ ይሞላል፤ በ2023 እና በ2024 ኦገስት ወር ላይ መኖሪያ ቤቶችን ጎድቷል። በዚያ ወር ከሄዱ የጎርፍ ማስጠንቀቂያውን በየቀኑ ይከታተሉ፣ ከወንዙ ዳርም አያድሩ።

ሦስተኛው ቀን የባሕሩ ይሁን። ከኦክ ቤይ ወደብ የሚነሱ ጀልባዎች ክረምቱን በሃዋይ አሳልፈው ለመመገብ የተመለሱትን ዓሣ ነባሪዎች ያሳያሉ፤ ትንንሾቹ ጀልባዎች ውድ ቢሆኑም ግፊያ የለባቸውም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከጠነከረ ወደ ቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ። ስምንት ማዕዘን ያላት ይህች ትንሽ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን በ1890ዎቹ መጀመሪያ የተሠራችው በአገሩ ተወላጆች በትሊንጊት ሕዝብ ጥያቄ ነው፤ የኦርቶዶክስን እምነት የወደዱበት አንዱ ምክንያት ጸሎቱን በቋንቋቸው ማግኘታቸው ነበር። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ጋር በቀኖና አንድ ባትሆንም ስምንት ማዕዘኑን አይቶ የአገሩን ክብ ቤተ ክርስቲያን የማያስታውስ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ከተማዋን በ1880 ጆ ጁኖና ሪቻርድ ሃሪስ አገኟት ይባላል፤ ወደ ወርቁ የመራቸው ግን ኮዊ የተባለው የትሊንጊት አለቃ ነው። የሕዝቡን ታሪክ በ2015 በተከፈተው የዋልተር ሶቦሌፍ ሕንፃ በተወላጆቹ እጅ ሥራ ያገኙታል።

ሳልመንና ሃሊበት በየምግብ ቤቱ አሉ። ጉዞዎ በጾመ ፍልሰታ ላይ ከዋለና ዓሣ የማይበሉ ከሆነ ግን አማራጩ ጠባብ ስለሆነ እንጀራና ሽሮ ከሲያትል ይዘው ቢሄዱ ይበጅዎታል። በመጨረሻም የመመለሻ በረራዎን ሥራ ከሚገቡበት ቀን ዋዜማ ላይ አያድርጉ፤ ጭጋግ ሸለቆውን ሲሞላው አውሮፕላኑ ሳያርፍ የሚመለስበት ጊዜ አለና፣ ለዚያ አንድ ትርፍ ቀን ይተዉለት።