የቮልስ የኋላ መብራት ሲቀውስ፦ ሽቦ ከመቁረጣችሁ በፊት ማሳውን እዩ

አምፖል ተቃጥሎ እንደሆነና ባትሪው እንደሚሰራ አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ማሳ የምለው ከረንቱ ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመለስበትን የመኪናውን ብረት ነው።

ሁለቱም የፍሬን መብራት እምቢ ብሎ ሌላው ከሰራ፦ ቁልፉን ክፈቱ (ያለ ቁልፍ አይበራም፣ በዚህ ብቻ ጋራዥ የመጣ አለ)፣ ከዛ ፍሬን ማስተሩ (የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው) ላይ ካለው ስዊች ሁለቱን ሽቦዎች ነቅላችሁ አገናኙ። ከበራ ስዊቹ ሞቷል። ስትቀይሩት የፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየር ይገባል፣ ፍሬኑን ሳታስተነፍሱ (አየሩን ሳታስወጡ) እንዳትነዱ!

አንድ ጎን ብቻ የማታ መብራቱ ከጠፋ፦ ግራና ቀኙ የየራሳቸው ፊውዝ አላቸው። ጫፉ አረንጓዴ ሆኖ ይሆናል፣ ጠርጉት። የሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልላችሁ እንዳታስገቡ፣ እንደዛ ተደርጎ ሽቦው እስከ ጀርባ ድረስ የቀለጠ ቮልስ አውጥቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ፍሬን ስትረግጡ ፍሬቻው አብሮ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፣ ወይ ደግሞ መብራት አብርታችሁ ፍሬቻ ስታሳዩ የኋላው ሁሉ እንደ ሰርግ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ከአስር ቮልስ ዘጠኙ የሚመጣብኝ በዚህ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ነው፦ ማሳ የለም። የመብራቱ ቤት ማሳ የሚያገኘው በፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ባለው የላሜራ ክንፍ) በኩል ነው፣ ፓራፋንጎው ደግሞ ከቦዲው ጋር ጎማ መሃል ገብቶበት በቡሎን ነው የታሰረው፣ ቡሎኑ ከዛገ ወይ ቀለም ከጠጣ አለቀ። በፍሬን አምፖሉ የገባው ከረንት መውጫ ሲያጣ በፍሬቻው አምፖል አድርጎ እስከ ፊት ለፊቱ ፍሬቻ ድረስ ማሳ ፍለጋ ይሄዳል።

አንዱ ደንበኛዬ መኪናውን አዲስ ቀለም አስቀብቶ በሳምንቱ ይሄ ጀመረው። ፍላሸር (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገውን) ቀየሩለት፣ አምፖል ቀየሩለት፣ በመጨረሻ ከፊት እስከ ኋላ ሽቦ ዘርግተው ብሩን በሉትና አልሰራም። እኔ ጋ ሲመጣ ፓራፋንጎውን በ13 ቁልፍ ፈታሁት፣ ቡሎኑ መቀመጫ ላይ ሶስት ድርብ ቀለም! በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩት፣ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ሰውዬው መሳቅም መናደድም አቃተው።

ለማረጋገጥ፦ አንድ ቁራጭ ሽቦ ያዙ፣ አንዱን ጫፍ መብራቱ ቤት ላይ፣ ሌላውን ንጹህ የሞተር ቡሎን ላይ አስነኩ። ከተስተካከለ ሌላ ምንም እንዳትነኩ። በነገራችን ላይ ቡናማው ሽቦ ማሳ፣ ግራጫው የማታ መብራት፣ ቀይ መስመር ያለው ጥቁር ፍሬን ነው፣ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ማንም ካልቀያየረው።

እኔ ፍቄ ብቻ አልተውም፣ ክረምት ሲመጣ ይመለሳል። ከመብራቱ ቤት 1.5 የሆነ ሽቦ አውጥቼ በጎማው ቀዳዳ አሳልፌ ሞተር ክፍሉ ውስጥ የተፋቀ ላሜራ ላይ በሮንዴላ አስረዋለሁ፣ ላዩን ግራሶ ቀባ ነው። ሽቦ ጠምዝዛችሁ በናስትሮ (በቴፕ) እንዳትሸፍኑ፣ በሞተሩ ሙቀት ሙጫው ይፈሳል፣ በስታኞ (ቀልጦ ሽቦ በሚያያይዘው) በየዱት። ፋይበር ፓራፋንጎ ያስገባችሁማ ይሄ ሽቦ ግዴታ ነው፣ ፋይበር ማሳ አይሰጥም።

ሌላው፣ 21/5 አምፖል ጥርሱ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያለ ነው፣ በግድ ገልብጠው የሚያስገቡ አሉ፣ ያኔ ማታ እንደ ፍሬን ይበራል፣ ቀን ፍሬን ስትይዙ ደግሞ ደብዘዝ ብሎ ነው የሚበራው። ሶማሌ ተራ ደግሞ ፖርታ ላምፓው (አምፖሉ የሚገባበት) እንደ ቆርቆሮ የሚታጠፍ መብራት ይሸጣሉ፣ አሮጌውን ኦርጅናል አጽዱት ይሻላል።

ስራ ስትጀምሩ የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር ነው፣ ክዳኑን ሳትመልሱ ሰው ካስቀመጣችሁ የወንበሩ ስፕሪንግ ፖሉን ነክቶ እሳት ይነሳል።