ሞላ የሌለው ፔዳል ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት፦ ድራመሮች ደጋግመው የሚሠሯቸው ስህተቶች

ድራመሮች ስለ ቆዳ ይግባባሉ። ስለ ሲምባልም ትንሽ ተከራክረው ይስማማሉ። ትልቁን ድራም በእግር የምንመታበት የባስ ድራም ፔዳል ላይ ግን ሰላም የለም። በተለይ አንዱ በሞላ ፈንታ በማግኔት የሚሠራ ፔዳል ይዞ ከመጣ፣ ወይም በአንድ እግር ሁለት ቢተር (ቆዳውን የሚመታው መዶሻ) የሚያስመታውን ዓይነት ከከረጢቱ ካወጣ፣ ያን ቀን ልምምድ የለም። ግማሹ "ከዚህ በኋላ ሌላ አልነካም" ይላል። ግማሹ "የልጆች መጫወቻ ነው" ይላል።

እኔ ጀማሪ ሳስተምር፣ የሰው ፔዳል ስፈታና ስገጥም የምውል ሰው ነኝ። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን እሰማለሁ። መከራከራቸው ግድ አይሰጠኝም። የሚያናድደኝ ሁለቱም ወገኖች ያንኑ ስህተት ሠርተው መከራከራቸው ነው። አንዳንዱን በአንድ አረፍተ ነገር አልፈዋለሁ። የመጀመሪያው ላይ ግን ታገሱኝ፤ ደሜን የሚያፈላው እሱ ነው።

ሁለት ደቂቃ ረግጦ መፍረድ

ልጁ ይመጣል። የሌላ ሰው ድራም ላይ ይቀመጣል። ወንበሩ የተስተካከለው ለባለቤቱ ነው። ፔዳሉም ለባለቤቱ እግር ነው የታሰረው። ቢተሩም የሱ አይደለም። አንድ ግሩቭ (ተደጋጋሚ የምት ስልት) ይመታል፣ ፈጠን አድርጎ አንዴ "ዱግ ዱግ ዱግ" ያሰኘዋል፣ ከዚያ ብድግ። "እግሬን አይከተልም፤ አይመችም።" በቃ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ፔዳል በተነሳ ቁጥር "ሞክሬዋለሁ እኮ!" ነው መልሱ።

ምኑን ሞከርከው? ወንበሩን ነው የሞከርከው!

ተቃራኒውም አለ። ሌላው ተቀምጦ ሁለት ደቂቃ ይረግጣል፣ ፔዳሉ ይቀልለዋል፣ ዓይኑ ያበራል፣ ማታውኑ ለመግዛት ገንዘብ መበደር ይጀምራል። የቀለለው የቀድሞው ባለቤት አላልቶ ስላሰረው ሊሆን ይችላል። ያንኑ የራሱ ፔዳል ላይ ሞላውን ሁለት ዙር ቢያላላው በነፃ ያገኘው ነበር።

ነገሩ ለምን ጊዜ እንደሚፈልግ ላስረዳ። ሞላ ያለው ፔዳል ስትረግጡት ተቃውሞው በእኩል እየጨመረ ይሄዳል። ሞላው በተሳበ ልክ ይጠነክራል። እግራችሁ ለዓመታት የለመደው ይህንን ነው። ማግኔት እንዲህ አይደለም። የማግኔት ጉልበት ከርቀቱ ጋር በእኩል አይሄድም፤ ሲቀራረብ ድንገት ያይላል፣ ሲራራቅ ድንገት ይከዳል። አንዱ ፔዳል ላይ የሚገፋፉ ማግኔቶች በረገጣችሁ ቁጥር ይቀራረባሉ። እሱ መጀመሪያ ላይ ባዶ መስሎ መጨረሻው ላይ ይከብዳል። ሌላው ላይ ደግሞ የተሳሳቡ ማግኔቶች በረገጣችሁ ቁጥር ይላቀቃሉ። እሱ መነሻው ላይ ይይዝና አንዴ ከተላቀቀ በኋላ ቅልል ይላል። እንግዲህ "ማግኔት ፔዳል ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ገና የትኛውን እንደሚጠይቅ አላወቀም። ሁለቱ ከእግር በታች ሌላና ሌላ ናቸው።

በቅርቡ አንድ ጎበዝ ወጣት በዚህ ዓይነት ፔዳል ላይ ሲማረር አገኘሁት። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጉልበቱ ከዳሌው ከፍ ብሏል፤ ወንበሩ ለሱ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ቢተሩ ከቆዳው አራት ጣት ያህል ብቻ ርቆ ነው የቆመው። የቢተሩ ራስ ደግሞ የድራሙ መሐል ላይ ሳይሆን ወደ ላይ ወጥቶ ነው የሚያርፈው። ወንበሩን ጭኑ በትንሹ ወደ ታች እስኪያዘነብል ከፍ አደረግነው። የቢተሩን ብሎን አላልቼ ዘንጉን ዝቅ አደረግኩት፤ ከዚያ ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ አጋደልኩት። የራሱን ጫማ አድርጎ፣ ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥረው መሣሪያ) በደቂቃ 60 ላይ፣ በአንድ ምት አንድ ብቻ እንዲመታ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቆይቶ ዝም አለ። "ቀስ ብዬ፣ ለስለስ አድርጌ ስመታ ድምፁ አንዱ ጎላ፣ አንዱ ቀነስ ይልብኛል" አለኝ።

አያችሁ? ይሄ አስተያየት ነው። ፔዳሉን አልወደደውም፤ መብቱ ነው። አሁን ግን ምን እንዳልወደደ ያውቃል።

ጥሩ ሙከራ ማለት የራሳችሁ ወንበር፣ የራሳችሁ ጫማ፣ የራሳችሁ ድራም፣ ቢያንስ አንድ ሁለት ሳምንት። ፍጥነቱን መጨረሻ ላይ ሞክሩት። ፔዳል የሚፈተነው ቀስ ብለው፣ ለስለስ አድርገው ሲመቱበት ነው። በፍጥነት ሲመታ ሁሉም ፔዳል ጎበዝ ይመስላል።

ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ መቀየር

አዲሱ ፔዳል ከራሱ ቢተር ጋር ይመጣል። ድሮ የነበራችሁ የሱፍ ቢተር ነበር፤ አዲሱ ፊቱ ፕላስቲክ ነው። ረገጣችሁት፣ ድምፁ "ጠቅ" እያለ ጥርት ብሎ ወጣ። "ፔዳሉ ድምፄን ቀየረው!" ትላላችሁ። የቀየረው ቢተሩ ነው። ቆዳው በሞላ ፔዳል ይመታ በማግኔት አያውቅም። የሚያውቀው ምን እንደነካው፣ በምን ፍጥነት እንደነካውና ነክቶ ቶሎ መመለሱን ወይም ተጭኖ መቅረቱን ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። አብዛኛው የቢተር ዘንግ ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ የድሮው ቢተራችሁ አዲሱ ላይ ይገባል። ገጥማችሁ አወዳድሩ። ቁመቱንም አትርሱ። የባለ 22 ኢንች ድራም መሐል ከጠርዙ 28 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ የባለ 18 ኢንቹ 23 ገደማ። በትልቁ ላይ ያስተካከላችሁትን ወስዳችሁ ትንሹ ላይ ስትገጥሙ ቢተሩ ከመሐል ከፍ ብሎ ይመታል። ዘንጉን ስታሳጥሩ ደግሞ ክብደቱ ይቀልና ፔዳሉ ሌላ ሆኖ ይሰማችኋል። ከዚያ ጥፋቱ ማግኔቱ ላይ ይለጠፋል።

"ማጭበርበር ነው" ማለት

ይሄኛው የሽማግሌዎቹ ነው። በአንድ እግር ሁለት ምት የሚያስመታ ፔዳል ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። አንደኛው ቢተር ሲረገጥ ይመታል፣ ሁለተኛው እግር ሲነሳ። "እግሩ መሥራት ያለበትን ብረቱ ሠራለት" ይላሉ።

በዚህ ሂሳብ ፔዳል ራሱ ማጭበርበር ነው። ፔዳል ከመለመዱ በፊት አንዱ ሰው ባስ ድራሙንም ስኔሩንም (ትንሹን ድራም) በእጁ ነበር የሚያዳርሰው። ድራመሩ ዊልያም ሉድዊግ ከወንድሙ ከቲዮባልድ ጋር በ1909 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ድርጅት የከፈተው፣ የዚያን ጊዜ ፔዳሎች ራግታይም ለሚባለው ሙዚቃ ፍጥነት ዘገምተኛ ሆነውበት የራሱን ስለሠራ ነው። ድራመሩ ልዊ ቤልሰን ሁለት ባስ ድራም ደርድሮ ሲቀመጥ ብዙ ሰው እንደ ትርኢት ነበር ያየው፤ እሱ ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከዱክ ኤሊንግተን የጃዝ ባንድ ጋር በዚያው ተጫወተ። ዛሬ ደብል ፔዳል (አንዱን ባስ ድራም በሁለት እግር የሚያስመታውን) የያዘን ሰው ማን አጭበርባሪ ይለዋል?

ሌላም የምወደው ምሳሌ አለኝ። ዛሬ "ሰንሰለት የለውም፤ በቀጥታ ብረት ነው የተያያዘው" እየተባለ እንደ አዲስ ግኝት የሚወራለት አሠራር አለ። የሉድዊግ ስፒድ ኪንግ በ1937 እ.ኤ.አ. ሲወጣ መርገጫውን ከቢተሩ የሚያገናኘው ብረት ነበር። ሞላዎቹም ውጭ አልተንጠለጠሉም፤ ቋሚዎቹ ውስጥ ተደብቀው፣ በመሳብ ሳይሆን በመጨመቅ ነበር የሚሠሩት። እንግዳ የምትሉት ነገር ከአያቶቻችሁ ጋር እኩያ ሊሆን ይችላል።

መልሱን ምት አለመስማት

ደጋፊዎቹ ደስ አይበላችሁ፤ ይሄ የእናንተ ነው። ባለ ሁለት ቢተሩን ፔዳል በአንድ እግር ስትመቱ የመጀመሪያው ምት የእግራችሁን ክብደት ይዞ ይወርዳል። ሁለተኛው የሚመጣው እግራችሁን ስታነሱ ነው፤ ክብደት የለውም። ስለዚህ ካልተጠነቀቃችሁ "ዱም-ዱ፣ ዱም-ዱ" ይሆናል። ተጫዋቹ ከወንበሩ ላይ ሆኖ አይሰማውም፤ የራሱ ደስታ ጆሮውን ደፍኖታል። ቅጂው ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ስልካችሁን ባስ ድራሙ ፊት፣ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡና ቅዱ። መልሱ ምት ከሳሳ የዚያን ቢተር ርቀት ጨምሩለት ወይም ከበድ ያለ ቢተር ግጠሙለት። ሁለተኛው ምት የት እንደሚያርፍ የሚወስነው እግራችሁ የሚነሳበት ሰዓት መሆኑንም አትዘንጉ። አነሳስ መለማመድ አለባችሁ። አብዛኛው ሰው ይህን ሳይሠራ ነው "ደብል ፔዳሌን ሸጥኩት" የሚለው።

ቢተሩን አወዛውዞ መመስከር

ቢተሩን በጣት ሳብ አድርጎ ይለቅና ስንት ጊዜ እንደተወዛወዘ ይቆጥራል፤ ቪዲዮም ይቀርጻል። ብዙ መወዛወዙ ኩሽኔታው ጥሩ መሆኑን ይነግራችኋል። እግር ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን ግን አይነግራችሁም።

ፔዳሉ እግር እንዲሆንላችሁ መጠበቅ

በ100 ቴምፖ (በደቂቃ 100 ምት) እኩል መምታት ያቃተው እግር በማግኔትም ያቅተዋል። ለዚህ ከዚህ በላይ ቀለም አላባክንም።

ተረከዝን ሳይናገሩ ምክር መጠየቅ

"የትኛውን ልግዛ?" ይሉኛል። ተረከዝህን አንስተህ ነው የምትመታው ወይስ አሳርፈህ? ዝም። ተረከዙን አሳርፎ የሚመታ ሰው የሚሠራው በቁርጭምጭሚቱ ነው፤ ጠንካራ ፔዳል ያደክመዋል። ተረከዙን የሚያነሳ ሰው የጭኑን ክብደት ይለቅበታል፤ በጣም የላላ ፔዳል ከእግሩ ሥር ያመልጠዋል፣ አንዳንዴም ያልፈለገውን ምት ይጨምርለታል። ረጅም መርገጫ ያላቸው ፔዳሎችም እንዲሁ ናቸው። እግሩን ወዲያና ወዲህ ለሚያንሸራትት ሰው ቦታ ይሰጡታል። ተረከዙን ተክሎ ለሚቀመጥ ሰው ግን የት እንደሚረግጥ ያጠፉበታል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ያንኑ ፔዳል ይዘው፣ አንዱ ሲያመሰግን ሌላው ሲራገም ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

ዘይት ማርከፍከፍ

ፔዳል "ሲጥ" ባለ ቁጥር ዘይት የሚነፋበት ሰው አለ። የተሸፈነ ኩሽኔታ ውስጡ ግሪስ አለው። የሚረጭ ቀጭን ዘይት ያንን ግሪስ ያጥበዋል። ከሳምንት በኋላ የባሰ ድምፅ ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ ብሎኖቹን አጥብቁ፤ መርገጫው ማጠፊያ ላይ አቧራ እንዳለ እዩ። ካስፈለገ ብረት ከብረት በሚፋተግበት ቦታ ብቻ ጠብታ ዘይት ይበቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልተወ፣ ድራመሩ ጆን ቦናም ከሮክ ባንዱ ሌድ ዜፕሊን ጋር በ1970 እ.ኤ.አ. በወጣው ሥራ ላይ የስፒድ ኪንጉ ሲጥሲጥታ እስካሁን እንደሚሰማ አስቡና ተጽናኑ።

የማግኔት ፔዳል ደግሞ የራሱ አመል አለው። የብረት ብናኝ፣ ትንንሽ ብሎን፣ ያገኘውን ሁሉ ይሰበስባል። ከመድረክ ወለል ላይ ባነሳችሁት ቁጥር በጨርቅ ጥረጉት። ከባንክ ካርዳችሁ ጋር በአንድ ኪስ አትክተቱት። ማግኔቱን ከማግኔት ጋር "ጧ" አድርጎ ማላተምም አይገባም፤ ጠንካራዎቹ ማግኔቶች እንደ ሸክላ ጠርዛቸው ይሸረፋል።

መለዋወጫውን አለማሰብ

የተለመደ ፔዳል ሞላው ቢበጠስ የማንም ሞላ ያድናችኋል። እንግዳው ፔዳል ላይ የወደቀችው አንዲት ፒን ከሠሪው በቀር ማንም ጋ ላትኖር ትችላለች። አንድ የማውቀው ድራመር ኮንሰርት መሐል ላይ ማገናኛዋ ፒን ወልቃ ከመድረኩ ሥር ገባችበት። የቀረውን ዘፈን ባስ ድራሙን ትቶ ፍሎር ቶሙ (ወለል ላይ የሚቆመው ድራም) ላይ በቀኝ እጁ "ዱም" እያለ ጨረሰው። ከአድማጩ ማንም አላወቀበትም። ቤዝ ጊታሪስቱ ግን እስካሁን ይቀልድበታል። አሁን ልጁ ጥንታዊ ፔዳሉን ሳይዝ ከቤት አይወጣም።

በኮንሰርት ሳምንት መቀየር

አይሆንም። አትጠይቁኝ።

የድሮውን በመጀመሪያው ቀን መሸጥ

አዲሱ ፔዳል ሲመጣ ፍቅር ነው፤ የድሮው ለሽያጭ ይወጣል። ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ እግር አንድ ነገር ይናፍቀዋል፤ ያኔ ማወዳደሪያ የለም። የድሮውን አስቀምጡት። በየጊዜው አውጥታችሁ ያንኑ ግሩቭ በሁለቱም ተጫወቱና ቅዱት። ቅጂዎቹን የትኛው የትኛው መሆኑን ሳይነግራችሁ ጓደኛ ያጫውትላችሁ። መለየት ካቃታችሁ የተመቻችሁን ይዛችሁ ሌላውን ሽጡት።