የባዝራዬ ጋማ ለምን ረገፈ?

የባዝራዬ ጋማ መርገፍ ጀመረ። በእጄ ሳበጥረው እፍኝ ሙሉ ጸጉር ይወጣል። ኮቴዋ ላይም፣ ከጸጉሩ ሥር ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ዙሪያውን የሚሄድ ስንጥቅ አየሁ። ምግብ ያነሳት መስሎኝ ሌላ ማሟያ ጨመርኩላት። ነገሩን ያባባስኩት ያኔ ነው።

የእንስሳት ሐኪሟ ደሟን አስመረመረች። ሴሊኒየም የሚባለው ማዕድን ከልክ አልፏል! የማሸጊያዎቹን ጀርባ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። የኮቴ ማሟያው፣ የጡንቻ ማሟያው፣ የተዘጋጀው መኖ ራሱ፣ ሦስቱም ሴሊኒየም አለባቸው። 500 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በቀን ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ገደማ ይበቃል። ሲያንስ ጡንቻ ይጎዳል፣ ሲበዛ ደግሞ ይመርዛል። በግምት የሚሰጥ ነገር አይደለም።

በሐኪሟ ምክር ሁለቱን ማሟያዎች የዚያኑ ቀን አቆምኩ። መኖውን ግን በአንዴ አልቆረጥኩም፤ በ10 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ቀነስኩት። የፈረስ አንጀት ድንገተኛ ለውጥ አይችልም፣ ከባድ የሆድ ቁርጠት ሊያስይዘው ይችላል። በምትኩ ድርቆሽ ጨመርኩ፣ በቀን 10 ኪሎ፣ ማለትም የክብደቷን 2 በመቶ። ድሮ በእቅፍ ነበር የምሰፍረው፤ አሁን በሚዛን ነው። (እቅፌ ከቀን ቀን ምን ያህል እንደሚለያይ ሳይ በጣም ደነገጥኩ።) ጨውና ንጹህ ውሃ ሁሌም አጠገቧ አለ።

አሁን አዲስ ጋማ አጭርና ቀጥ ብሎ እየበቀለ ነው። ስንጥቁ ከኮቴው ጋር ወደ ታች እየወረደ ግማሽ ደርሷል። ኮቴ ሙሉ በሙሉ ለመታደስ አንድ ዓመት ገደማ ስለሚፈጅ ገና እንጠብቃለን። ዛሬ አዲስ ማሟያ ሳይ መጀመሪያ የምትበላውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ ሚሊግራሙን እደምራለሁ።